ከዳለስ እስከ ቦሌ ከሕፃን ጋር፦ ዝግጅቱ እንደ ልጁ ጠባይ ነው

የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ልጁ 13 ሰዓት እንዴት ይቀመጥልኛል?» እስከ ዛሬ ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ስመልስ ነበር። አሁን ግን አንድ ቦታ ልጻፈው፤ ሌሊት ሻንጣ ስታዘጋጁ ከፍታችሁ ታዩታላችሁ።

የምጽፈው ስለማውቀው መንገድ ነው፤ ከዋሽንግተን ዳለስ ቦሌ በቀጥታ ስለሚያደርሰው በረራ። ከሌላ ከተማ ለምትነሱም አብዛኛው ይሠራል።

ሦስት ልጆች ይዤ ተመላልሻለሁ። ትልቋ ጭምት ናት፤ ያስቀመጧት ቦታ ትገኛለች። ሁለተኛው ቀዥቃዣ ነው። ትንሿ ደግሞ ሆደ ባሻ ናት፣ ድምፅ ከፍ ካለ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ለትልቋ የሠራልኝን ነገር ሁሉ ለሁለተኛው ይዤ ተሳፈርኩና ገና ሁለት ሰዓት ሳንበር የያዝኩት ሁሉ አለቀብኝ። ስለዚህ ከሻንጣው በፊት ልጁን እዩት።

ልጃችሁ የትኛው ነው?

ረጋ ያለው፦ ሰው ያቀፈው ሁሉ ይስማማዋል፣ በሰዓቱ ይበላል፣ በሰዓቱ ይተኛል። ችግሩ ዝም ስለሚል መራቡን ወይም መጠማቱን ዘግይታችሁ ማወቃችሁ ነው።

ቀዥቃዣው፦ እግሩ አያርፍም። ለእሱ ቅጣቱ ከፍታው ወይም ድምፁ ሳይሆን ቀበቶው ነው።

ሆደ ባሻው፦ ብርሃን፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ የልብስ ስፌት ሳይቀር ይረብሸዋል። አንዴ ካለቀሰ ቶሎ አይመለስም።

ዓይን አፋሩ፦ አዲስ ሰውና አዲስ ቦታ ይፈራል። ጊዜ ከሰጡት ይለምዳል፤ ካጣደፉት ግን አንገታችሁ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል።

ብዙ ልጅ የሁለቱ ወይም የሦስቱ ድብልቅ ነው። ግራ ከገባችሁ ሲደክመው የሚወጣበትን ጠባይ ውሰዱ፤ አውሮፕላን ውስጥ ከእናንተ ጋር የሚውለው ያኛው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

እነዚህ ሁሉ እጃችሁ ላይ ይሁኑ። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከገቡ የሉም ማለት ነው።

- ዳይፐር፦ ከቤት እስከ ቤት ወደ 20 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን ለሕፃን ከ15 እስከ 18፤ ተቅማጥ ወይም መዘግየት ካጋጠመ ትርፉ ይፈለጋል
- ዋይፕስ፣ የዳይፐር ክሬም፣ የሚነጠፍ ላስቲክ
- ለልጁ ሁለት ቅያሬ፣ ለእናንተ አንድ ከላይ የሚለበስ (ልጁ ሲያስመልስ አብዛኛው የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው)
- ዚፕ ያላቸው ፌስታሎች፣ ቢያንስ ስምንት፤ ለቆሸሸ ልብስ፣ ለዳይፐር፣ ለትርፍራፊ
- አንቀልባ ወይም የደረት ማዘያ
- ነጠላ። ጡት ስታጠቡ ትሸፍናለች፣ ሲበርዳቸው ታለብሳለች፣ እናታቸው የምትለብሳት ከሆነች ደግሞ ሽታዋ ራሱ ያስተኛል
- ጡጦ፣ በልክ በልክ የተከፋፈለ የዱቄት ወተት፣ የለመደ ከሆነ ሁለት ፓሲፋየር
- የለመደው ምግብ፦ በትንሹ የተቆረሰ አምባሻ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ከዓመት በላይ ለሆነው የበሶ ጭብጦ
- ስቲከር፣ ስዕል መሳያ፣ አንድ አዲስ መጫወቻ፣ ካርቱን የተጫነበት ታብሌት፣ የልጅ ሄድፎን
- የትኩሳት መድኃኒት፣ መጠኑ በልጁ ክብደት ተሰልቶ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት
- የሁላችሁም ፓስፖርትና የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ

አሠራሩ

1. ከሁለት ወር በፊት ወረቀቱን ጨርሱ።

አሜሪካ የተወለደ ሕፃን የሳምንት ዕድሜ ቢኖረውም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሲወጣ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፤ አንዱ ካልቻለ ዲኤስ 3053 የሚባለውን የፈቃድ ቅጽ ኖተሪ ፊት ፈርሞ ይልካል። ፓስፖርቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ታላቁም ልጅ ያለው ጊዜው አልፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ለኢትዮጵያ መግቢያ የልጁን ኢ-ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ ካርድ ለብቻው አስቡ። የእናንተ ስላለ የእሱ አለ ማለት አይደለም። ብቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ ከሌላው ወላጅ በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። ላይጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ከጠየቁና ከሌለ ግን እዚያው ቼክ-ኢን ላይ ትቀራላችሁ።

2. ትኬቱን ስትቆርጡ ወንበሩንም እንደ ልጁ ጠባይ ምረጡ።

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ይሄዳል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የአዋቂው 10 በመቶ ገደማ ነው። ልብ በሉ፦ ጉዞው መሀል 2 ዓመት ከሞላው ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ይህን ሳያስቡ ሄደው አዲስ አበባ ላይ ትኬት የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ረጋ ላለ ጨቅላ ባሲኔት ጠይቁ፤ ከፊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሕፃን አልጋ ማለቴ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን ደውላችሁ አስይዙ፤ የክብደት ገደቡንም አብራችሁ ጠይቁ። ለቀዥቃዣውም ያው የግድግዳው ረድፍ ይመቻል፣ ምክንያቱም ፊቱ የሚረግጠው የሰው ወንበር የለም። ጉድለቱ ዕቃ የምታስቀምጡበት የፊት ወንበር ሥር አለመኖሩና የእጅ ማሳረፊያው አለመነሳቱ ነው፤ ልጁ ጋደም ማለት አይችልም። ሆደ ባሻውን ከሽንት ቤትና ከምግብ ማዘጋጃው አርቁት፤ ሌሊቱን ሙሉ በር የሚከፈተው፣ መብራት የሚበራው እዚያ ነው። ዓይን አፋሩን መስኮት ጋ አድርጉት፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው እናንተ ስትሆኑ ዓለሙ ይጠብለታል።

ቀዥቃዣውን በምንም ዓይነት መተላለፊያው ጋ ብቻውን አታስቀምጡ። የምግብ ጋሪው ሲያልፍ እጁንና ክርኑን ይመታዋል። ጫፉ ላይ እናንተ፣ መሀል እሱ።

3. ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀር ሐኪሙን አግኙ።

ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከአሜሪካ ውጭ ሲጓዝ የኩፍኝ ክትባት አንድ ጊዜ ቀደም ብሎ እንዲወስድ ይመከራል፤ እሱም ለመሥራት ወደ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ስለ ወባ ጠይቁ። በጉዞው ሳምንት ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ከያዘው እንደገና ይታይ፤ የተደፈነ ጆሮ አየር ላይ በጣም ያማል።

4. አንድ ሳምንት ሲቀር ቤት ውስጥ ተለማመዱ።

ለረጋው ይህን ዝለሉት። ለዓይን አፋሩ በየማታው ታሪክ አድርጋችሁ ንገሩት፦ መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ትልቁ ወንበር፣ ከዚያ አያት። የሚመጣውን ካወቀ ፍርሃቱ ይቀንሳል። አያቱን በቪዲዮ ያሳዩት፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃም ትበቃለች። ሆደ ባሻው ሄድፎኑን ቤት ይልመደው። ጆሮው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ውስጥ ከጫናችሁት ይወረውረዋል። ቀዥቃዣው ካር ሲቱ (የመኪናው የልጅ ወንበር) ላይ ቀበቶ ታስሮ መጫወት ይልመድ፤ ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ነገ አሥራ አምስት።

5. ፍተሻው ላይ ወተቱን ቀድማችሁ አሳውቁ።

የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ የጡት ወተትን፣ የዱቄት ወተትንና የሕፃን ምግብን አይመለከትም። ግን ከቦርሳ አውጥታችሁ ለፈታሹ ንገሩ፤ ዝም ካላችሁ ቦርሳው ተለይቶ ይወሰድና ልጁ እያለቀሰ ትጠብቃላችሁ። ጋሪው ተጣጥፎ በማሽኑ ያልፋል፣ ስለዚህ ሥሩ ዕቃ አታጭቁበት። ጌት ላይ ደግሞ ታግ አስደርጉለት። ቦሌ ስትደርሱ ወዲያው ላይሰጧችሁ ይችላል፤ አንቀልባው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

6. ቀዥቃዣውን በመጨረሻ አሳፍሩት።

ሕፃን ላላቸው ቀድመው ይጠራሉ። ለረጋው፣ ለዓይን አፋሩና ለሆደ ባሻው ጥሩ ነው፤ ሰው ሳይሞላ ቦታውን ያያሉ። ቀዥቃዣው ግን በሩ እስኪዘጋ 40 ደቂቃ በከንቱ ይታሰራል። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ግቡ፤ ሌላው ጌቱ አካባቢ ያሯሩጠው፣ ደረጃ ያስቆጥረው፣ የመጨረሻው ጥሪ ሲሰማ ይግባ። ብቻችሁን ከሆናችሁም ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቁ።

7. ሲነሳ ምግቡን ቆጥቡ፣ ቀበቶውን ግን አትደራደሩ።

ጭን ላይ ያለውን ሕፃን ከማዘያው አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ ሆስተሷ የሕፃን ቀበቶ ከሰጠቻችሁ ከእናንተው ጋር ይታሰራል። ጡት ወይም ጡጦ የሚሰጠው አውሮፕላኑ መሮጥ ሲጀምር ነው። መንደርደሪያው ላይ ሰልፍ ካለ ግማሽ ሰዓት ሊቆም ይችላል፣ ቀድማችሁ ከሰጣችሁት በሚፈለግበት ሰዓት ጠግቦ ይጠብቃችኋል።

8. መሀሉን ሰዓት በሰዓት ሳይሆን በልጁ ከፋፍሉት።

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ለቀዥቃዣው ደንቡ አንድ ነው፦ ሳይጠይቅ በፊት አስነሱት። እኔ በየ45 ደቂቃው አስነሳዋለሁ። የቀበቶው መብራት ሲጠፋ እስከ ኋላ እንሄዳለን፣ እዚያ ቁጢጥ ብሎ አሥር ጊዜ ይነሳል፣ መስኮቷን ያያል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እንመለሳለን። ካለቀሰ በኋላ ካስነሳችሁት ለቅሶው እንደሚያስነሳ ይማራል፤ ቀድማችሁ ካስነሳችሁት ግን መቀመጡም መነሳቱም ተራ ነገር ይሆናል። መጫወቻዎቹን አንድ ላይ አታውጡ። አንዱን ስታወጡ አንዱን ደብቁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አሮጌው እንደ አዲስ ይቆጠራል። ስቲከር የመሰለ ነገር የለም፣ አንድ ሉህ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ ታብሌቱን ለመጨረሻ አቆዩት።

ሆደ ባሻዋን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሳለች ሽንት ቤት አስገባኋት። ጨርሳ ቆማለች። ሳላስብ ቁልፉን ተጫንኩ። ያ ድምፅ ሲፈነዳ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ በሩ ላይ ተለጠፈች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ እስክንደርስ ድረስ ያን በር ማየት አልፈለገችም፤ ዳይፐር ትታ የነበረችውን ልጅ መልሼ ዳይፐር አለበስኳት። አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ክዳኑ ይዘጋል፣ ልጁ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ለሆደ ባሻ ልጅ በየደቂቃው አዲስ መጫወቻ አታቅርቡ፤ ያደክመዋል። መብራቱን ቀንሱ፣ ሄድፎኑን አድርጉ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጉና ያንኑ የለመደውን መጽሐፍ ደጋግማችሁ አንብቡ።

ዓይን አፋሩን «ሰላም በል እንጂ» አትበሉት። ጎረቤት ወንበር ላይ ያሉ እናት «አምጪው ልጄ፣ እኔ ልያዝልሽ፤ አንቺ እህል ቅመሺ» ይሉ ይሆናል። ረጋ ያለ ልጅ ካላችሁ በደስታ ስጡ፤ ይህ የእኛ በረራ ትልቅ በረከት ነው። ዓይን አፋር ከሆነ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ሲለምድዎት» በሉና ከጭናችሁ ሆኖ ይያቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱ ብስኩቱን ሊያካፍላቸው ይችላል።

ለረጋው ደግሞ የስልክ ማንቂያ ሙሉ፣ በየሁለት ሰዓቱ። የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ይህ ልጅ አይጠይቅም፣ ከንፈሩ ሲደርቅ ነው የምታውቁት።

9. እንቅልፉን በዋሽንግተን ሰዓት አስሉ።

አዲስ አበባ ከዋሽንግተን አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት ስታደርግ (ዴይላይት ሴቪንግ) በ7፣ በሌላው ጊዜ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በረራው ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ተነስቶ በማግስቱ ማለዳ ይደርሳል። ቦሌ ማለዳ ሲሆን ለልጁ ሆድና አንጎል ገና እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ከቀን እንቅልፉ በላይ አትጠብቁ፤ መብራት ስለጠፋ ብቻ ለማስተኛት ሦስት ሰዓት አትታገሉ። እውነተኛው እንቅልፉ የሚመጣው ልታርፉ አራት ሰዓት ገደማ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ፒጃማ አልብሱት፣ ጥርሱን አጽዱ፣ ቤት የምትሉትን ጸሎት በሉ። ቁርስ ሲመጣ አትቀስቅሱት፣ ምግቡን አስቀምጡለት።

10. ቦሌ ላይ ቀስ በሉ።

የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ተደርጎ ይያዛል። አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ቦሌ ስታርፉ ጆሮ ላይ የሚመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የተኛ ልጅ ለጆሮው ተብሎ አይቀስቀስ፤ ቀበቶውን ብቻ እሰሩ።

ለዓይን አፋሩና ለሆደ ባሻው ከባዱ ፈተና የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው። አሥራ አምስት ዘመድ፣ አበባ፣ እልልታ፣ ሁሉም ጉንጭ ይፈልጋል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። እኔ ለእናቴ እንዲህ አልኳት፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ እኔን ሳሚኝ። እሷን ለጊዜው ፈገግ ብለሽ እያት፤ ስትለምድሽ ራሷ ትመጣለች።» እናቴ ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። መኪናው ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ምንም አልነካቻትም፣ መስቀል አደባባይ ሳንደርስ ልጅቷ የአያቷን ቀለበት ማሽከርከር ጀመረች።

ማስጠንቀቂያ

ለማስተኛት ብላችሁ ቤናድሪልም ሆነ ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አትስጡ። አንዳንድ ልጅ ላይ በተቃራኒው ያቅበጠብጣል፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

ጋቢ አንጥፋችሁ ወለል ላይ አታስተኙ። ብዙዎቻችን እናደርገዋለን፣ ይገባኛል፣ ወለሉ ሰፊ ይመስላል። የኦክሲጅን ጭንብሉ እዚያ አይደርስም፤ አውሮፕላኑ በድንገት ሲናወጥም የሚይዘው ነገር የለም። የቀበቶ መብራት ሲበራ ከባሲኔትም ይውጣ፣ ተኝቶም ቢሆን።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፣ ያንቃል። ማር ከዓመት በታች ክልክል ነው።

ልጅ ጭናችሁ ላይ ሆኖ ትኩስ ሻይ ወይም ቡና አትቀበሉ።

ነጠላውን ባሲኔቱ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ አትሸፍኑ፤ አየር ይግባ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት

አዲስ ምግብ በጉዞው ቀን መጀመር። ሆዱ ቢታወክ የት ትሮጣላችሁ?

አዲስ ጫማና የክት ልብስ ማልበስ። ለፎቶው ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ቦሌ ስትወርዱ ታለብሱታላችሁ።

ካር ሲት ይዞ ሄዶ አውሮፕላን ላይ መከልከል። ታች በቀይ ጽሑፍ ለአውሮፕላንም የተፈቀደ መሆኑ መጻፉን ቤት እያላችሁ አረጋግጡ። ቡስተር የሚባለው፣ የራሱ ቀበቶ የሌለው ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ፣ አይፈቀድም።

ልጆቹን እርስ በርስ ማወዳደር። «እህትህ እንዲህ አላደረገችም» ማለት ቀዥቃዣውን አያስቀምጠውም፤ ያስከፋዋል፣ የተከፋ ልጅ ደግሞ ይብሳል።

ለመጓዣው ብቻ ተዘጋጅቶ መመለሻውን መርሳት። ስትመለሱ ጉዞው ይረዝማል፣ ስቲከሩም አልቋል፤ ግማሹን ከጅምሩ ለይታችሁ ሻንጣ ሥር ደብቁት። የጆሮውም ነገር ይገለበጣል፦ ዳለስ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ ስለዚህ ስትወርዱ ግፊቱ በጣም ይለወጣል። እዚህ ላይ የተኛውንም ልጅ ቀስቅሱት። ካረፋችሁ በኋላ ሳይሆን፣ መውረድ ሲጀመር፣ ማረፊያው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ከፍ ያለው በስትሮ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። መዋጥ ነው የጆሮውን ቱቦ የሚከፍተው። እምቢ ካለና ካለቀሰም አትደንግጡ፣ ማልቀሱም ይከፍተዋል፤ እቀፉትና ጡጦውን እንደገና ሞክሩ።